ፒኤልኤም በቡሬ ወርክሾፓችን፦ ከአንድ ዓመት በኋላ

ቡሬ ላይ የበቆሎ መፈልፈያና የጤፍ መውቂያ ማሽን የምንሠራ አነስተኛ ድርጅት ነን። ፒኤልኤም የሚባለውን፣ የምርትን መረጃ ከንድፉ እስከ ጥገናው አንድ ቦታ የሚይዝ ሶፍትዌር ከገዛን ዓመት ሞላን። "ያዋጣል ወይ?" የሚለኝ ሰው በዝቷል። ያዋጣል። ግን እኛ በገባንበት መንገድ አትግቡ።

ለምን እንደገዛነው ልንገራችሁ። የመፈልፈያው ሻፍት፣ ማለትም የሚዞረው ዘንግ፣ ውፍረቱ 25 ሚሊ ነበር፣ ዘንጉን የሚይዘው ኩሽኔታ ደግሞ ለዚህ ውፍረት የሚሆነው ቁጥር 6205። ሻፍቱ እየተጣመመ ሲያስቸግር ወደ 30 ሚሊ አሳደግነው፣ ኩሽኔታውም 6206 ሆነ። ጥሩ ለውጥ ነበር፤ የሚያውቁት ግን ኢንጂነራችንና ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ላይ የሚሠሩት ጋሼ ብቻ ናቸው። የመጋዘኑ ኤክሴል አልተስተካከለም፣ ቴሌግራም ላይ ደግሞ "የመጨረሻ"፣ "የመጨረሻ 2" የሚሉ ሥዕሎች ይዞራሉ። ታኅሣሥ ላይ አንድ አባት ከሽንዲ መጥተው ኩሽኔታ ገዙ። መጋዘኑ 6205 ሰጣቸው፣ የእሳቸው ማሽን ግን ባለ 30 ሚሊ ነው። በማግስቱ ተመለሱ። "ልጄ፣ በቆሎው ተከምሯል፣ ደመና ባየሁ ቁጥር እንቅልፍ የለኝም" አሉኝ። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

አሁን ማሽኑ ላይ የምንመታው ተከታታይ ቁጥር ከራሱ የዕቃ ዝርዝር ጋር ተያይዟል። ደንበኛው ቁጥሩን በስልክ ከነገረን የትኛው ሻፍት፣ የትኛው ኩሽኔታ፣ የትኛው ወንፊት እንደተገጠመለት እናያለን። ሥዕል መለወጥ የፈለገ ሰው የለውጥ ጥያቄ ይከፍታል፣ ምክንያቱን ይጽፋል፣ ኢንጂነሩና መጋዘኑ ካላጸደቁት አሮጌው እንዳለ ይቆያል። ለእኔ የከፈልነው ገንዘብ በሙሉ ለዚህች አንድ ነገር ነው፣ ሌላውን ብዙም አንነካውም።

"ይሄ የትልልቅ ፋብሪካ ነገር ነው" የሚሉኝ አሉ። አጀማመሩ እንኳ እንደዚያ አይደለም። በ1985 እ.ኤ.አ. አሜሪካን ሞተርስ የተባለው መኪና አምራች ወደዚህ አሠራር የገባው ከትልልቆቹ ጋር በገንዘብ መወዳደር ስላቃተው፣ በፍጥነት ለመቅደም ብሎ ነው። ያኔ የጀመረው ሥራ በኋላ ጂፕ ግራንድ ቼሮኪ ሆኖ ወጣ።

ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። የሻጩን ስም አልጠራም። ሥልጠናው ሁለት ቀን ነበር፣ ያውም ቢሮ ለምንቀመጠው ብቻ፤ ቶርኖና ብየዳ ላይ ያሉትን ማንም አልጠራቸውም፣ መመሪያውም እንግሊዝኛ ብቻ ነው። ሁሉንም ኢንተርኔት ላይ እናስቀምጥላችሁ ብለው አጥብቀው ወተወቱን። በ2015 ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት የቆየበት አገር ላይ ተቀምጠን ይህን እሺ ማለት አንችልም ነበር። ሰርቨሩን እዚሁ አስገባን፣ መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ዩፒኤስ ጨመርን፣ ማታ ማታ ባክአፕ ወደ ሃርድ ዲስክ ይሄዳል። የላይሰንሱ ዋጋ ደግሞ በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪው አሠራር ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በቀናት ውስጥ ከ100 አልፎ ነበርና፣ ውል ስትፈርሙ ይህን አስቡ።

የራሳችንም ጥፋት አለ። ያለንን ፋይል በሙሉ በአንድ ጊዜ ጫንነው። አንዱ ዕቃ "ኩሽኔታ"፣ "ቤሪንግ"፣ "6206" ተብሎ ሦስት ቦታ ተመዘገበ። ለማጽዳት ሁለት ወር ፈጀብን። አንድ ማሽን ብቻ መርጠን፣ ስሙንና ቁጥሩን አስተካክለን ብንጀምር ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ጋሼ መጀመሪያ ላይ ጨርሶ አልፈለጉትም። "ሠላሳ ዓመት በእጄ ስለካ ኖሬ አሁን ስክሪን?" አሉ። ከፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ የወጣው ወጣት ሠራተኛችን ታብሌቱን ቶርኖው አጠገብ ሰቀለላቸው፣ ቁልፎቹንም በአማርኛ ጽፎ ለጠፈላቸው። ከወር በኋላ የፑሊው ሥዕል ላይ ልኬት እንደጎደለ ያዩት እሳቸው ናቸው፤ የለውጥ ጥያቄውንም ራሳቸው ከፈቱ። ያን ቀን ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

የምትሠሩት አንድ ዓይነት ማሽን ከሆነና ሥዕሉ የማይቀያየር ከሆነ አትግዙ፤ አንድ ኃላፊ ያለው፣ ቀንና የለውጥ ቁጥር የሚጻፍበት ኤክሴል ይበቃችኋል። ሦስት አራት ሞዴል ካላችሁና መለዋወጫ የምትሸጡ ከሆነ ግን ግዙት። እኛ ለሁለተኛው ዓመት አድሰናል፣ ከስምንት ተጠቃሚ ወደ አራት ቀንሰን። የጤፍ መውቂያውንም ወደዚሁ የለውጥ ጥያቄ አሠራር በዚህ ክረምት እናስገባለን።