የሂሜጂ ግንብ በሌጎ ጡብ፦ በጎንደሬ ዓይን

እርስ በርስ የሚያያዙ የፕላስቲክ መጫወቻ ጡቦችን የሚሠራው የዴንማርኩ ሌጎ ኩባንያ «አርክቴክቸር» በተሰኘው የሕንፃ ሞዴሎች ተከታታዩ እ.ኤ.አ. በ2023 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ያወጣው የጃፓኑ የሂሜጂ ግንብ 2,125 ቁራጮች አሉት። ከውጭ የመጣ ዘመድ አምጥቶልን ቤታችን ውስጥ ተገጣጥሟል፤ የፋሲልን ግንብ እያየ ያደገ ሰው በተለየ ስሜት የሚመለከተው ሥራ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ከኩባንያው ሌሎች ሞዴሎች ይልቅ ይህ የሳበኝ ሁለቱ ግንቦች የአንድ ዘመን ልጆች በመሆናቸው ነው። የሂሜጂ ዋና ግንብ አሁን ያለውን መልክ የያዘው በ1609 ሲሆን፣ ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን የመሠረቱት ከዚያ 27 ዓመት በኋላ፣ በ1636 ነው። ቁመታቸውም ይቀራረባል፤ የሂሜጂው ሕንፃ ከድንጋይ መሠረቱ በላይ 31.5 ሜትር ሲሆን የፋሲል ግንብ ደግሞ 32 ሜትር ገደማ ነው። ኖራም ያገናኛቸዋል፤ የእኛ ግንበኞች ድንጋዩን ከድንጋይ ሲያያይዙበት፣ ጃፓኖቹ ከእንጨት የሠሩትን ሕንፃ ከእሳት ለመከላከል ግድግዳውን በነጭ ኖራ ለስነውታል። የሞዴሉ ግድግዳ ነጭ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

በሞዴሉ ላይ ከሁሉ በፊት የማደንቀው የድንጋይ መሠረቱን ነው። በእውነተኛው ግንብ 15 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ይህ መሠረት ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ከታች ሰፍቶ ወደ ላይ እየጠበበ ይሄዳል። ሞዴሉ ይህን ያሳየው አጋደል ባላቸው ግራጫ ቁራጮች ነው፤ መብራት ከጎን ሲያርፍበት በቁራጮቹ መካከል የሚፈጠረው ቀጭን ጥላ የድንጋይ ካብን መልክ ይሰጠዋል። የሌጎ ጡብ ቁመት 9.6 ሚሊ ሜትር ሲሆን ሦስት ስስ ቁራጮች ሲደራረቡ የአንድ ጡብን ቁመት በትክክል ስለሚሞሉ፣ ንድፍ አውጪው በ3.2 ሚሊ ሜትር ልዩነት ከፍ ዝቅ ማድረግ ይችላል። ጣሪያዎቹ አንዱ ከሌላው በላይ እያነሱ ሲወጡ ዓይን ሳይጎረብጠው የሚከተላቸው በዚህ ጥንቃቄ ነው። ከጣሪያዎቹ ወጣ ወጣ ያሉት ባለ ሦስት ማዕዘን ግንባሮችም በጣም ጥቂት ቁራጮች ሆነው ሳለ ቅርጻቸው ወዲያው ይታወቃል። የዋናው ግንብ ክፍሎች እየተነሡ ውስጡ እንዲታይ መደረጉ ደግሞ ትልቅ ብልሃት ነው፤ እውነተኛው ሕንፃ ከውጭ ባለ አምስት ደርብ መስሎ ከውስጥ ግን ስድስት ወለልና አንድ ምድር ቤት አለውና፣ ከውጭ ብቻ የሚታይ ሞዴል ይህን ምሥጢር ይደብቀው ነበር።

ጉድለት አልጠፋበትም። የጣሪያው ሥራ ተመሳሳይ ቁራጮችን ደጋግሞ ማሰለፍ በመሆኑ ያሰለቻል። እውነተኛው ጣሪያ በሸክላዎቹ መጋጠሚያ ላይ ኖራ ስላለው፣ በተለይም በ2015 ከተጠናቀቀው እድሳት በኋላ፣ ነጣ ብሎ ይታያል፤ የሞዴሉ ግን ግራጫ ብቻ ነው። ከሁሉ የሚቆጨኝ የግቢው መቅረት ነው። ፋሲል ግቢን 900 ሜትር ርዝመት ካለው ቅጥሩ፣ ከዐፄ ኢያሱ ቤተ መንግሥትና ከእቴጌ ምንትዋብ ግንብ ለይቶ ማሰብ እንደማይቻል ሁሉ፣ ሂሜጂም በአጥሩና በበሮቹ ጭምር ነው ምሽግ የሆነው። እዚህ ግን የቀረበው ዋናው ግንብና የቅርብ አካባቢው፣ ካበቡ ዛፎች ጋር ብቻ ነው።

የፋሲል ግንብም በዚህ መንገድ ቢሠራ ብዬ ከልቤ እመኛለሁ። አስቸጋሪ የሚሆኑት በአራቱ ማዕዘኖች ያሉት የእንቁላል ቅርጽ ያላቸው ጉልላቶች ናቸው፤ ሆኖም ኩባንያው በ2017 ዳግም ባወጣው ባለ 5,923 ቁራጭ ታጅ ማሃል ላይ ጉልላትን በጡብ ማሳመር እንደሚቻል አሳይቷል።

ለመግዛት ለሚያስብ ሰው፣ ሞዴሉ ለአዋቂ የተዘጋጀ እንጂ የሕፃን መጫወቻ አይደለም፤ ሲወጣም ዋጋው 160 ዶላር ገደማ ነበር። መመሪያው በሥዕል ስለሚመራ ቋንቋው አያግድም። ከረጢቶቹ ቁጥር ስላላቸው በተራ መክፈት ይበጃል፤ ሁሉን በአንድ ጊዜ የዘረገፈ ሰው ጥቃቅኖቹን ሲፈልግ ይውላል። አንድ ተራ ቁራጭ ቢጠፋ ምትኩ ከልጆች የሌጎ ሣጥን ሊገኝ ይችላል፤ ጡቦቹ እርስ በርስ የሚያያዙበት መንገድ በ1958 የፈጠራ መብት ከተጠየቀለት ወዲህ አልተለወጠምና። በበጋ የከተማችን አቧራ በጣሪያዎቹ መካከል ስለሚገባና ከዚያ ማውጣቱ አድካሚ ስለሆነ፣ እኛ መስታወት ባለው ቡፌ ውስጥ አስቀምጠን በለስላሳ ብሩሽ እናጸዳዋለን።