በጠፈር ጨዋታዎች ውስጥ የስካነር ሥራ፦ ኢሊት ዴንጀረስ፣ ኢቭ ኦንላይን፣ ኖ ማንስ ስካይ እና ስታርፊልድ በንጽጽር

የጠፈር ጨዋታ ለመግዛት የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያወዳድረው የዓለሙን ስፋትና የምስሉን ጥራት ነው። ፍላጎቱ ያልታወቀ ነገርን መፈለግና መመርመር ከሆነ ግን፣ ስካነሩ፣ ማለትም በዙሪያው ያለውን የሚያስሰው ሴንሰር፣ በእጁ ላይ ምን ዓይነት መሣሪያ እንደሚሆን አስቀድሞ ማወቁ ከፕላኔቶቹ ብዛት የበለጠ ይጠቅመዋል። በአንዱ ጨዋታ ስካነሩ እንደ አሮጌ ሬዲዮ ጣቢያ እየተፈለገ የሚስተካከል መሣሪያ ነው፤ በሌላው ከአዳኝ ራስን መጠበቂያ ዐይን ነው፤ በሦስተኛው ደግሞ ያገኘውን ሁሉ መዝግቦ የሚያልፍ አንድ አዝራር ብቻ ነው። አራቱን ታዋቂ ጨዋታዎች ከዚህ አንጻር ስንመለከታቸው ልዩነታቸው ከማስታወቂያዎቻቸው ከምንገምተው በላይ ሰፊ ሆኖ እናገኘዋለን።

በፍሮንቲየር ዴቨሎፕመንትስ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ የወጣው ኢሊት ዴንጀረስ ፍኖተ ሐሊብን በእውነተኛ ስፋቱ የማሳየት ዓላማ ይዞ የተነሣና ወደ 400 ቢሊዮን የሚጠጉ የኮከብ ሥርዓቶችን የያዘ ጨዋታ ነው። መንኮራኩሩ ወደ አንድ ሥርዓት እንደገባ አብራሪው የማግኛ ስካነሩን አዝራር ተጭኖ ይቆያል፤ ስካነሩ ኃይሉን ሞልቶ ከባድ ድምፁን ሲያሰማ በአካባቢው ስንት የሰማይ አካላት እንዳሉ ያሳውቀዋል እንጂ ምን ምን እንደሆኑ ገና አይነግረውም። ዋናው ሥራ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። አብራሪው ፍጥነቱን ወደ መጨረሻው ዝቅተኛ ደረጃ አውርዶ የሞገድ ስካነሩን ሲከፍት ከስክሪኑ ግርጌ የሞገድ መስመር ይዘረጋለታል። በዚህ መስመር ላይ ድንጋያማዎቹና በረዷማዎቹ ዓለማት፣ ግዙፎቹ የጋዝ ፕላኔቶች፣ ውኃ የሸፈናቸውና መሬትን የሚመስሉት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቦታ አላቸው። ተጫዋቹ መቃኛውን ከትክክለኛው ሞገድ ላይ አሳርፎ፣ ሰማያዊ ሆኖ የሚታየውን ምልክት አነጣጥሮና አቅርቦ ሲመለከተው ፕላኔቱ ይገለጥለታል። የተለያዩት አካላት የየራሳቸው ድምፅ ስላላቸው፣ ልምድ ያለው ተጫዋች ምስሉ ሳይጠራ በፊት በጆሮው ብቻ ምን እንዳገኘ መለየት ይችላል። ለዚህ ጨዋታ ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ከጥሩ የግራፊክስ ካርድ ባልተናነሰ ያስፈልጋል የምለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ አሠራር የመጣው እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ በወጣው ማሻሻያ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት እያንዳንዱን ፕላኔት ለመለየት እስከ አቅራቢያው ድረስ በርሮ የመንኮራኩሩን አፍንጫ ወደ እርሱ አዙሮ መጠበቅ ግድ ነበር። ያንን ረጅም በረራ የሚናፍቁ ነባር ተጫዋቾች አሉ፤ እኔ ግን እጅንም ጆሮንም ሥራ የሚያስይዘውን አዲሱን አሠራር እመርጣለሁ። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የገጽታ ካርታ ሥራ ደግሞ ከሁሉም የተዋጣለት ነው ብዬ አምናለሁ። ተጫዋቹ ወደ ፕላኔቱ ቀርቦ ትናንሽ መመርመሪያዎችን ይተኩሳል፤ መመርመሪያዎቹ በፕላኔቱ ስበት ምክንያት መንገዳቸው ስለሚታጠፍ፣ አሻግሮ አነጣጥሮ የማይታየውን የጀርባ ገጽ ጭምር መምታት ይቻላል። ጨዋታው ካስቀመጠው የመመርመሪያ ቁጥር ሳያልፍ ካርታውን ለጨረሰ ሰው ተጨማሪ ክፍያ አለው። የፕላኔት ቀለበት በዚሁ መንገድ ሲመረመር ደግሞ ማዕድን በብዛት የሚገኝባቸው ቦታዎች ስለሚገለጡ፣ ሥራው ለማዕድን ቆፋሪዎችም ይጠቅማል። የተሰበሰበው መረጃ ገንዘብ የሚሆነው ግን ወደ ጣቢያ ተመልሶ ሲሸጥ ብቻ ነው፤ መንኮራኩሩ ከዚያ በፊት ቢወድም ያልተሸጠው መረጃ ሁሉ አብሮ ይጠፋል። በመሆኑም ለሳምንታት ከሰው ርቆ የቆየ ተጫዋች ወደ መመለሻው ሲቃረብ የሚሰማው ፍርሃት ከማንኛውም የጨዋታው ውጊያ ይበልጣል። መረጃውን አስቀድሞ ያስረከበ ሰው ስሙ በመጀመሪያ አግኚነት ከዚያ አካል ጋር ተያይዞ ይመዘገባል።

እ.ኤ.አ. በ2003 በአይስላንዱ ኩባንያ ሲሲፒ የቀረበው ኢቭ ኦንላይን ከኢሊት ጋር የሚነጻጸረው በጥልቀቱ እንጂ በስሜቱ አይደለም። እዚህ መሪ ጨብጦ ማብረር የለም፤ መንኮራኩሩ የሚታዘዘው በትእዛዝ ነው፤ ስካነሩም የሚሠራው በካርታ ላይ ነው። ተጫዋቹ 8 መመርመሪያዎችን ያስወነጭፍና በሦስት አቅጣጫ ካርታ ላይ ከተሰወረው ምልክት ዙሪያ ያሰፍራቸዋል። የእያንዳንዱ መመርመሪያ ሽፋን ከ32 የሥነ ፈለክ አሃድ ጀምሮ እስከ ሩብ አሃድ ሊጠብብ ይችላል፤ አንድ አሃድ መሬት ከፀሐይ ያላት ርቀት ነው። ሽፋኑ በጠበበና መመርመሪያዎቹ በትክክል በተቀመጡ ቁጥር የምልክቱ ጥንካሬ ይጨምራል፤ 100 በመቶ ሲደርስም ወደ ቦታው መጓዝ ይቻላል። እዚያ የሚጠብቀው ጥንታዊ ፍርስራሽ፣ የጋዝ ደመና ወይም ወደ ሌላ ሥርዓት የሚያሻግር የትል ጉድጓድ ሊሆን ይችላል።

ኢቭን ከሌሎቹ የሚለየው ግን ሁለተኛው መሣሪያ፣ የአቅጣጫ ስካነሩ ነው። እስከ 14.3 የሥነ ፈለክ አሃድ ድረስ ያሉትን መንኮራኩሮችና ቁሶች በዝርዝር ያወጣል፤ ማዕዘኑን ከ360 እስከ 5 ዲግሪ በማጥበብም አንድ መንኮራኩር በየትኛው ፕላኔት አጠገብ እንደቆመ መገመት ይቻላል። በትል ጉድጓዶች ማዶ ባለው ጠፈር ውስጥ በሥርዓቱ ማን እንዳለ የሚያሳየው የስም ዝርዝር ስለማይሠራ፣ ተጫዋቹ ይህን ስካነር በየጥቂት ሰከንዱ እየደጋገመ መጫን አለበት። የሌላ ሰው መመርመሪያዎች በዝርዝሩ ላይ ከታዩ አንድ ሰው እየፈለገው ሊሆን ይችላል። ባዶ ዝርዝርም ቢሆን ደህንነትን አያረጋግጥም፤ ራሱን የሰወረ መንኮራኩር በአቅጣጫ ስካነር አይታይምና። እንግዲህ በኢሊት የአሳሹ ዋነኛ ጠላት የራሱ ቸልተኝነት፣ ማለትም ያለቀ ነዳጅ ወይም ከባድ ስበት ባለው ፕላኔት ላይ በፍጥነት ማረፍ ሲሆን፣ በኢቭ ግን በወዲያኛው ጫፍ የሚያስብ ሰው አለ። ይህን ዓይነት ውጥረት ለማይወድ ሰው ኢቭን አልመክርም፤ ለሚወደው ግን ምትክ የለውም።

መሰወርን በተመለከተ ኢሊትም የራሱ ብልሃት አለው። የመንኮራኩሩ ሴንሰር ሌሎችን የሚለየው በሙቀታቸው ስለሆነ፣ ኃይሉን የቀነሰ መንኮራኩር ከሩቅ ለመታየት ያስቸግራል። የሙቀት ማስወጫዎቹን ሙሉ በሙሉ የዘጋ አብራሪ ከጠላት ዒላማ ይሰወራል፤ ሆኖም መከላከያ ጋሻውን ያጣል፤ የታፈነው ሙቀትም ከቆየ መንኮራኩሩን ይጎዳዋል።

ከእነዚህ ሁለቱ ወደ ኖ ማንስ ስካይ የሚሻገር ሰው ሌላ ዓይነት ጨዋታ ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ2016 በሄሎ ጌምስ የወጣው ይህ ጨዋታ ከ18 ኩንቲሊዮን (18 ቁጥር ከ18 ዜሮዎች ጋር) በላይ ፕላኔቶች እንዳሉት ቢነገርለትም፣ የመንኮራኩሩ ስካነር በአቅራቢያ ያሉትን ፕላኔቶች የሚያሳውቅ አንድ ምት ብቻ ነው። እውነተኛው ምርመራ የሚካሄደው በእግር፣ በራስ ቁሩ መመልከቻ ነው፤ እንስሳው፣ ተክሉ ወይም ማዕድኑ ላይ አነጣጥሮ ክቡ እስኪሞላ መያዝ ይበቃል። ያልተመዘገበ እንስሳ በቀይ ነጥብ፣ የተመዘገበው በአረንጓዴ ይታያል። የስካነር ማሻሻያዎች ሲገጠሙ ክፍያው በብዙ እጥፍ ስለሚያድግ ለጀማሪ ጥሩ ገቢ ይሆናል፤ የአንድን ፕላኔት እንስሳት በሙሉ አግኝቶ ለጨረሰም ጉርሻ አለው። ክህሎት የሚጠይቅ ነገር ግን የለውም። ከሥራ በኋላ አእምሮውን ማሳረፍ ለሚፈልግ ወይም ከልጆች ጋር ለሚጫወት ሰው ይህ ጉድለት ሳይሆን ትልቅ ጥቅም ነው።

የቤተስዳው ስታርፊልድ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው፣ ከ1,000 በላይ ፕላኔቶች አሉት። ከመንኮራኩሩ የሚደረገው ቅኝት በካርታው ላይ አንድ አዝራር ተጭኖ የፕላኔቱን ማዕድናት ማየት ነው፤ በእግር የሚደረገው ደግሞ አንድን የእንስሳ ወይም የተክል ዝርያ ደጋግሞ መቃኘትን ስለሚጠይቅ ቶሎ ያሰለቻል። ስታርፊልድን ለታሪኩና ለመንኮራኩር ግንባታው መግዛት ይቻላል፤ ለስካነሩ ብሎ መግዛት ግን አያዋጣም።

ከአራቱ ውጭ ማየት ለሚፈልግ ሰው እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣውን አውተር ዋይልድስን መጥቀስ ይገባል፤ መቃኛው በጠፈር የተበተኑ ተጓዦችን በሚጫወቱት የሙዚቃ መሣሪያ ድምፅ ለመከታተል ያስችላል፤ አንዴ ከተጨረሰ ግን እንደገና ለመጫወት ብዙም አይጋብዝም።

በግዢው ላይ መታየት ያለባቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። ኖ ማንስ ስካይ አንዴ ከተገዛ በኋላ የወጡለት ትልልቅ ማሻሻያዎች ያለ ክፍያ የተሰጡ ናቸው፤ እንደ ስታርፊልድም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ኢሊት ለብቻ በሚጫወቱበት ጊዜም ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ በመሆኑም መስመሩ በየጊዜው የሚቋረጥበት ሰው ቢቀርበት ይሻላል። ኢቭን አልፋ በሚባለው ነጻ ደረጃ ጀምሮ በቀላል የአሳሽ መንኮራኩር ስካነሩን መሞከር ይቻላል፤ ራሳቸውን ሰውረው በአቅጣጫ ስካነር ጭምር የማይታዩት መንኮራኩሮች ግን የደንበኝነት ክፍያ ለሚፈጽሙ የኦሜጋ ተጫዋቾች የተተዉ ናቸው፤ የቅኝት ችሎታውም የሚያድገው ቀናት በሚወስድ ሥልጠና ነው። ቪአር (የምናባዊ እውነታ) መነጽር ላለው ሰው የኢሊት የአብራሪ ክፍል አስደናቂ ነው፤ በእግር ሲወርድ ግን ምስሉ ወደ ጠፍጣፋ ስክሪን ይለወጣል፤ ኖ ማንስ ስካይ ግን በመነጽሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሠራል።

ኢሊትን የመረጠ ሰው መጀመሪያ ዋናውን ጨዋታ ብቻ ገዝቶ የሞገድ ስካነሩን ይሞክር፤ በእግር ወርዶ የሕይወት ናሙና መሰብሰብን የጨመረው ኦዲሲ ለብቻው የሚሸጥ ስለሆነ ቆይቶ መግዛት ይቻላል። ኮንሶል ብቻ ያለው ሰው ግን ከመክፈሉ በፊት ኩባንያው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 ለኮንሶል አዳዲስ ማሻሻያዎችን መሥራት ማቆሙንና ኦዲሲ የሚገኘው በኮምፒውተር ብቻ መሆኑን ልብ ይበል።