10 ሜትር የሽቦ አንቴና ይዤ 8 ወር ሰሜን ተራሮች ላይ

ቀድሜ ልናገር፤ እኔ አዳማጭ ነኝ። አማተር ሬዲዮ ላይ፣ ማለትም ሰዎች ለፍቅሩ ብለው ከአገር አገር በሚነጋገሩበት ሞገድ፣ ለማውራት ፈቃድ ያስፈልጋል፣ እኔ የለኝም። ለመስማት ግን አንድ የኪስ ሬዲዮና ደህና አንቴና ይበቃል። ስለዚህ "በስንት ዋት የት አገር ደረስክ?" ለሚለኝ ሰው መልስ የለኝም። የማወራው በጆሮዬ የሰማሁትንና በጀርባዬ የተሸከምኩትን ነው።

የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ነው። ሥራዬ እንግዳ ይዞ ሰሜን ተራሮች መውጣት ነው፤ ከደባርቅ ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ፣ ጉልበቱ ላለው ደግሞ እስከ ራስ ደጀን። መስከረም መጨረሻ ላይ ይዤው የወጣሁት አንድ እንግዳ በአገሩ ባለፈቃድ አማተር ነበር። እዚህ የማሰራጨት ፈቃድ ስላልነበረው እሱም መስማት ብቻ ነበር ሥራው። ሁለት አንቴና ይዟል። አንዱ እየተሳበ 5 ሜትር ገደማ የሚረዝም የብረት ዘንግ፣ ሌላው ፕላስቲክ ጥቅልል ላይ የተጠመጠመ 10 ሜትር ቀጭን ሽቦ። ሲመለስ ሁለቱንም ከኪስ ሬዲዮው ጋር በርካሽ ሸጠልኝ። "ዘንጉን ተጠንቀቅለት፣ ውዱ እሱ ነው" አለኝ።

ውዱን በአጭሩ ልጨርሰው። መሬት ላይ ከሚሰካው ብረት ጋር አንድ ኪሎ ይጠጋል። አንድ ኪሎ ፒያሳ ላይ ምንም አይደለም፤ ቧሂትን ስትወጣ ግን ምን ማለት እንደሆነ ሳንባህ ይነግርሃል። እሜት ጎጎ ጫፍ ላይ፣ 3926 ሜትር ከፍታ፣ እስቲ ልየው ብዬ አቆምኩት። ነፋሱ እንደ ሸምበቆ አጎበጠው። መጋጠሚያዎቹ ውስጥ አቧራ ገባና ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አንታጠፍም አሉ። ደግሞስ ገደል አፋፍ ላይ ረጅም ብረት አቁሞ አጠገቡ መቀመጥ፣ መብረቅን ቡና ጠጣ ብሎ እንደመጥራት ነው። አሁን እናቴ ጓሮ የልብስ ማስጫ ገመድ ደግፎ ቆሟል። ለዚያ ሥራ ቅሬታ የለኝም።

ሽቦው ግን ሌላ ነው። ጥቅልሉ፣ ሽቦውን ከሬዲዮው የምታገናኘው ትንሽ ሳጥንና መስቀያ ሲባጎው ተደምረው 200 ግራም ገደማ ናቸው። የቆሎዬ ከረጢት ይበልጣል።

ርዝመቱ እንዲሁ በግምት የተቆረጠ አይደለም። አማተሮቹ "20 ሜትር" የሚሉት መስመር 14 ሜጋኸርዝ ላይ ነው፤ የሞገዱ ርዝመት 21 ሜትር ገደማ ይሆናል፣ የዚያ ግማሽ ደግሞ 10 ሜትር ከምናምን። ግማሽ ሞገድ የሆነን ሽቦ ከጫፉ ስትይዘው ኢምፒዳንሱ፣ ማለትም ለሞገዱ ያለው ተቃውሞ፣ ከ2 ሺህ ኦም በላይ ነው። የሬዲዮ መሣሪያ የሚፈልገው ግን 50 ነው። የክብሪት ሳጥን የምታክለው የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ያለችው ትራንስፎርመር 49 ለ 1 አድርጋ ታስታርቃቸዋለች። ለሚያሰራጭ ሰው ይሄ የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። እንደኔ ለሚሰማ ሰው ልኩ ትንሽ ቢዛነፍም ችግር የለም።

ጎንደር ከተማ ውስጥ ምንም አልፈየደልኝም። ጣሪያ ላይ ዘረጋሁት፤ ጫጫታ ብቻ። የጎረቤት ኤልኢዲ አምፖል፣ የስልክ ቻርጀር፣ የሶላር መቆጣጠሪያ፣ ሁሉም አጭር ሞገድ ላይ ይንጫጫሉ፣ ረጅም ሽቦ ደግሞ ጣቢያውንም ጫጫታውንም ሳይመርጥ ይሰበስባል። አንድ ማታ መብራት ጠፋ። ሰፈሩ ሁሉ "ኤጭ!" ሲል ሬዲዮው በአንዴ ጭጭ አለና ከዚያ ዝምታ ውስጥ የሰው ድምፅ ብቅ አለ። መብራት ሲጠፋ ደስ የሚለው ጎንደሬ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ተራራው ላይ ያ ዝምታ ሁሌም አለ። ግጭ ካምፕ፣ 3600 ሜትር፣ ከማታው 1 ሰዓት ተኩል ገደማ። ጋቢዬን ተከናንቤ ድንኳን በር ላይ ተቀምጫለሁ። ቀን ላይ ዝቅተኛውን ሞገድ የሚውጠው የሰማይ ንብርብር ፀሐይ ስትጠልቅ ይከስማል፣ ያን ጊዜ 7 ሜጋኸርዝ ይከፈታል። መጀመሪያ የምትሰማው አፍንጫውን ይዞ የሚያወራ ሰው ነው። ማስተካከያውን በጣትህ ጫፍ፣ ትንሽ፣ ትንሽ፣ ስታዞረው አፍንጫው ይለቀቅና ሰውየው ሰው ይሆናል። እያንዳንዱ ጣቢያ መጠሪያ አለው፣ መጀመሪያው አገሩን ይናገራል፤ በ"አይ" የሚጀምር ከሆነ ጣሊያን ነው፣ "4 ኤክስ" እስራኤል፣ "5 ዜድ" ኬንያ። አንድ ጣሊያናዊ ለጓደኛው ስለ ጉልበት ሕመሙ ሲያወራ ብዙ ደቂቃ ሰምቼዋለሁ፤ ቃሉ ባይገባኝም "አይ" እያለ ሲቃትት ሕመሙ ገባኝ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ማታ ላይ ትልልቆቹ የስርጭት ጣቢያዎች በዚህ ሽቦ ሲገቡ የኪስ ሬዲዮውን ያፍኑታል። ጎኑ ላይ ያለችውን የመቀበል አቅም መቀነሻ ቁልፍ መጫን ነው።

ከሁሉም ያስገረመኝ ግን ጨነቅ ላይ የሆነው ነው። ከሰዓት በኋላ 14 ሜጋኸርዝ ላይ አውሮፓውያን እየተሻሙ አንድ ጣቢያ ይጠራሉ፦ "ኢኮ ታንጎ 3 አልፋ አልፋ"። ፊደሎቹን በቃል ነው የሚጠሯቸው፤ ኢኮ ታንጎ ማለት ኢቲ፣ አልፋ ማለት ኤ ነው። ኢቲ የኛ ነው፣ የኢትዮጵያ መጠሪያ። ኢቲ 3 ኤኤ ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ 5 ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ ነው። ከሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ያሉት ሰዎች ሰላምታ ይለዋወጡታል፣ እኔ ግን የአዲስ አበባውን ልጅ ድምፅ አንድ ቃል እንኳ አልሰማሁም። ሽቦው የተበላሸ መስሎኝ ፈትቼ ገጠምኩት። ጥፋቱ የሽቦው አይደለም። በዚያ ሞገድ ድምፁ ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ ነጥሮ የሚያርፈው ሩቅ ነው። ከአዲስ አበባ በአየር 470 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለሁት እኔ በመሃል ቀረሁ፤ በጭንቅላቴ ላይ ዘሎኝ አለፈ። በተቃራኒው እዚያው ቦታ እኩለ ቀን ላይ ሽቦውን ዝቅ አድርጌ፣ ከሰው ቁመት ብዙም ሳላስበልጥ ስዘረጋው፣ የአማራ ሬዲዮ 6090 ኪሎኸርዝ ላይ ጥርት ብሎ ገባ። ዝቅ ያለ ሽቦ ቀጥ ብሎ ከላይ የሚወርደውን ነው የሚወደው፣ ለቅርብ ጣቢያ እሱ ይሻላል። በቅሎ ነጂዎቹ የወደዱኝ ያን ቀን ነው።

መስቀያው ሌላ ጣጣ ነው። ሳንቃበር ላይ የአስታ ዛፍ አለ፤ ካልሲ ውስጥ ድንጋይ ከተህ፣ ሲባጎ አስረህ ትወረውራለህ፣ አለቀ። ግጭ ላይ ግን ጓሳ ሣር ብቻ ነው። ጅብራው የተተከለ ምሰሶ ይመስላል፣ ሆኖም በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞት ተክል ላይ፣ ያውም ፓርክ ውስጥ፣ ገመድ አላስርም። ሁለት የመራመጃ ዱላ በናስትሮ አጣብቄ አንዱን ጫፍ እደግፋለሁ፣ ሌላውን ከኋላ ያለው ተዳፋት ላይ አለት ላይ አስራለሁ።

የታዛቢው ነገርም አለ። መንገድ ላይ ሽቦ የሚዘረጋ ሰው ይጠረጠራል፣ እውነት ለመናገር በዚህ ጊዜ ሲሆን ደግሞ ያስጠረጥራል። ስለዚህ ከመዘርጋቴ በፊት አብሮን ለሚሄደው ስካውት፣ ለፓርኩ ጠባቂ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደርግለታለሁ። "አያ፣ እስቲ ስማው፣ መስሚያ ብቻ ነው፣ መናገሪያ የለውም።" አንዴ ከሰማ በኋላ ለመንደሩ ሽማግሌ የሚያስረዳው እሱ ነው፣ ከኔም ይሻላል።

አሁን ቅሬታ። ሽቦው ጥቁርና ቀጭን ነው፤ ሲመሽ አይታይም። ኅዳር ላይ ጨነቅ፣ ጨለምለም ሲል፣ አንዲት በቅሎ ከውኃ ስትመለስ ደረቷ ላይ ያዛት። ሽቦው እንደ ክራር ጅማት ተወጠረ፣ ሬዲዮው ከእጄ በረረ፣ በቅሎዋ ሸሸች፣ ባለቤቷ መጣ። "አንተ ልጅ፣ ወጥመድ ነው እንዴ የዘረጋኸው?" ይቅርታ ጠየቅሁ፣ ሻይ አፈላሁ። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሜትሩ ቀይ ጨርቅ አስሬበታለሁ። የቄስ ጥላ ዘርፍ ይመስላል፣ ግን ይታያል።

የሚገርመው ሽቦው አልተበጠሰም። የተበጠሰው ሽቦው ከሳጥኗ ጋር የሚገናኝበት ብየዳ ነው። ከፍታ ላይ ነፋስ ቀኑን ሙሉ ሲያወዛውዘው ያቺ ነጥብ ብቻ ናት የምትሠቃየው፣ በቅሎዋ የጀመረችውን ነፋሱ ጥር ላይ ጨረሰው። ፒያሳ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ካውያውን ከማንሳቱ በፊት ሳጥኗን ገልበጥ አድርጎ አየና "ይሄን የሠራው ሰው ተራራ አያውቅም" አለ። ሳጥኗ ላይ ሁለት ቀዳዳ በስቶ ሽቦውን አሳልፎ ቋጠረው፣ ከዚያ በየደ። አሁን ጉተታውን የሚሸከመው ቋጠሮው ነው፣ ብየዳው ኤሌክትሪክ ብቻ ያሳልፋል። የሽቦ አንቴና የምትገዙ ሰዎች፣ መጀመሪያ ይሄን ቦታ እዩ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከሌላው ሁሉ ይበልጣል።

ብርዱ ሽቦውን አይነካውም፣ ባትሪውን ግን ይገድለዋል። ጨነቅ በበጋ ሌሊት ውኃ ይረጋል፤ ሬዲዮውን ውጭ ካሳደርከው ጠዋት ባትሪው ባዶ ነኝ ይልሃል። እኔ ባትሪውን ጋቢ ውስጥ አቅፌው ነው የምተኛ። ሌላ ያገኘሁት ነገር፦ ከሳጥኗ የመሬት ጫፍ ሦስት ሜትር ሽቦ አውጥቶ፣ በድንኳን ካስማ እርጥብ መሬት ላይ መስካት 7 ሜጋኸርዝ ላይ በግልጽ ያሻሽላል። ደረቅ አለት ላይ ግን ለውጥ አላየሁበትም።

ድጋሚ ልግዛ ብባል ሽቦውን እገዛለሁ፣ ዘንጉን በነፃም አልወስድም። የሚጎድለው ርዝመት ነው። ማታ የምሰማው በአብዛኛው 7 ሜጋኸርዝ ላይ ስለሆነ ሽቦው 20 ሜትር፣ የዚያ ሞገድ ግማሽ ገደማ፣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ቅዳሜ ገበያ የቆየ የስልክ ሽቦ አግኝቻለሁ፣ ጠጋኙ ሁለተኛ ሳጥን እየሠራልኝ ነው። ለክረምቱ ግን ሁሉንም ጠቅልዬ አስገብቻለሁ፤ ነጎድጓድ እያለ ገደል አፋፍ ላይ ሽቦ አልዘረጋም። ጥቅምት ላይ ግጭ ስወጣ 20 ሜትሩን እሞክረዋለሁ።