ጎመን ከበረንዳ ወይስ ከእሁድ ገበያ?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ ጎረቤቶች ስንገናኝ የማይቀር ወሬ ነው።

ወጪ፦ እሁድ ገበያ የደላላውን ሰንሰለት ስለሚያሳጥር ከሰፈር ሱቅ ብዙ ጊዜ ይረክሳል። በረንዳ መጀመሪያ ዘር፣ አፈርና ፍግ ይፈልጋል። ጎመን ግን አንዴ ከያዘ የታች የታቹን ቅጠል እየቀነጠሱ ለወራት መብላት ነው።

ቦታ፦ ጎረቤቴ አራተኛ ፎቅ ላይ አፈር የሞላ ስድስት ከረጢት ደርድራለች። ጎን ጎናቸውን በስታ ቆስጣ ተክላበታለች። ሽሮው እየተንተከተከ ወጣ ብላ ቃሪያ ቀጥፋ ትመለሳለች።

ስጋት፦ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። የበረንዳ ፈተናው ውሃ ነው፤ በፈረቃ ሲመጣ አትክልት የታጠበበትን ማጠራቀም ግድ ይላል። ገበያ ላይ ደግሞ የት እንደበቀለ አይታወቅም። በአቃቂ ወንዝ ከሚለማ አትክልት ውስጥ እንደ እርሳስ ያሉ ብረቶች በጥናት ተገኝተዋል። ቅጠሉ ውስጥ የገባውን ማጠብ አያወጣውም። ስለዚህ ሻጩን «ከየት የመጣ ነው?» ማለት ነውር የለውም።

ሽንኩርት፣ ድንችና ቲማቲም በብዛት ለሚፈልግ ወይም ሥራ ውሎ ለሚገባ እሁድ ገበያ ይሻላል። ፀሐይ የሚያገኝ በረንዳና ቤት የሚውል ሰው ካለ ጎመን፣ ቆስጣና ቃሪያን መትከል ያዋጣል። ተከራይም ቢሆን ይትከል፤ ቤት ሲለቅ ከረጢቱን ይዞ ይሄዳል።