የሐረና ቁልቁለትና ያለቀው የፍሬን ሸራ

መስከረም 2016 ላይ ዩኔስኮ የባሌ ተራሮችን በዓለም ቅርስነት መዘገበ ሲባል ኔዘርላንድ ሆኜ ነው የሰማሁት። ያን ቀን ከሳነቴ አምባ እስከ ሐረና ደን በተራራ ብስክሌት እወርዳለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። ብር መቆጠብ ጀመርኩ። ባለፈው ታኅሣሥ ሄድኩ። አገሩን ዕድሜ ልኬን አልረሳውም። ብስክሌቱን ባከራየኝ ድርጅት ግን እስካሁን ሆዴ ይቃጠላል።

ድርጅቱ ያለው አዲስ አበባ ነው። በስልክ የተስማማነው ከወር በፊት ነበር። ለእኔና ለአክስቴ ልጅ ሁለት ብስክሌት፣ ባለ ዘይት ዲስክ ፍሬን፣ ከነመኪናውና ከነሹፌሩ። ፎቶ ላኩልኝ፤ ሁለቱም አዳዲስ ናቸው። ግማሹን ክፍያ ወዲያው ላክሁ።

መኪናው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይመጣል ተባለ። ረፋድ 4 ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። በደወልኩ ቁጥር መልሱ አንድ ነው፤ "ደርሰናል፣ መንገድ ላይ ነን።" እናቴ ሁለተኛ ቡና አፍልታ ጨረሰች። መዘግየት ያጋጥማል፣ ይገባኛል። እውነቱን ቢነግሩኝ ግን ተኝቼ እጠብቅ ነበር። መንገዱ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጎባ የገባነው በጨለማ ስለሆነ ብስክሌቶቹን በወጉ ሳናያቸው አደርን።

እዚያው ማታውኑ ሹፌሩ ቀሪውን ክፍያ ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። ቀጥሎ ሌላ 60 ዶላር አለብህ አለኝ። ለምን? "ለተራራው።" በስምምነታችን የለም ስለው ከአለቃው ጋር በስልክ አገናኘኝ። ሰውዬው፣ "አንተ እኮ ከውጭ ነው የመጣኸው፣ 60 ዶላር ምን አላት?" አለኝ። ከገንዘቡ በላይ ያመመኝ ይሄ ንግግር ነው። እኔ እዚያ የምሠራው መጋዘን ውስጥ፣ ሌሊት ነው። ያቺን ዶላር ካርቶን ተሸክሜ ነው ያገኘኋት። ገና አገሬ ገብቼ በሦስተኛው ቀን እንደ ባዕድ ሰው ዋጋ ሲቆረጥብኝ አንገቴን ደፋሁ። ጉዞው እንዳይበላሽ ብዬ ግን ከፈልኩ።

በማግስቱ የአካባቢው አስጎብኚ ተቀላቀለን። ሪራ የምትባለው የሐረና ደን መንደር ልጅ ነው። በመኪና ሳነቴ ወጣን። አምባው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ የቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ 4,377 ይደርሳል። እኔ የምኖረው ከባሕር ወለል በታች ነው። ትንሽ ዳገት ስረግጥ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ትመታለች። ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል ላይ ውርጭ አለ። ከመንገዱ ትንሽ ራቅ ብላ አንዲት ቀይ ቀበሮ የፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ አድብታለች። ጆሮዋ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እዚሁ ባሌ ውስጥ ናቸው። ከብስክሌቴ ወርጄ ዝም ብዬ አየኋት።

አምባው ሲያልቅ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ሐረና ይወረወራል። ሁለተኛው ጥምዝ ላይ ፍሬን ስይዝ እጀታው ከመሪው ጋር ገጠመ። ብስክሌቱ አልቆመም። በእግሬ ጠጠሩን እየፋቅሁ፣ ጎኔን ቁጥቋጦ ውስጥ ጥዬ ቆምኩ። አስጎብኚው ሮጦ መጣ፤ "ወንድሜ፣ ተረፍክ?" ጎማውን ፈታን። የፍሬኑ ሸራ አልቆ ብረቱ ዲስኩን ሲፍቅ ነው የቆየው። ደግሞም ፎቶ ላይ እንዳየሁት ባለ ዘይት አይደለም፣ ባለ ሽቦ ነው። መለዋወጫ ስንለው ሹፌሩ አንድ ካላማዳሪ አወጣ፤ እሱም ለእኛ ጎማ አይሆንም።

ስለዚህ በአንዱ ደህና ብስክሌት ተራ ገባን። አንዳችን ስንነዳ ሌላው መኪና ውስጥ። ሁለት ዓመት የቆጠብኩለትን ቁልቁለት ግማሹን በመስኮት አየሁት።

የነዳሁት ግማሽ ግን! ኔዘርላንድ ውስጥ ቬሉወ በሚባል ቦታ ቅዳሜ ቅዳሜ የምነዳበት ሜዳ የአስታ ዘመድ የሆነ ተክል ሞልቶታል፤ ከጉልበት አያልፍም። እዚህ አስታው ራሱ ዛፍ ነው። ከራሴ በላይ ገጥሞ የዛፍ ሽበት ተንጠልጥሎበታል፤ ጉም ውስጥ ሲያልፉ ፊት ላይ ውሃ ያንጠባጥባል። ለግጦሽ ተብሎ የተቃጠለ ቦታም አለ፤ የከሰለ ግንድ ብቻ ቆሟል። አስጎብኚው ከመኪናው መንገድ አውጥቶ የበቅሎ መንገድ አሳየኝ። ሥሩ እንደ ገመድ ተዘርግቷል፣ ድንጋዩ ከጎማ ሥር ይንከባለላል። ከኮርቻ ተነስቶ ክብደትን ወደ ኋላ ጥሎ ካልሆነ አይወረድም። ሁለቴ ወደቅሁ። ዝቅ ሲሉ ኮሶው፣ ቀርከሃውና ዝግባው ይመጣሉ፣ ከላይ የጉሬዛ ድምፅ።

ሪራ ላይ አስጎብኚው እናቱ ቤት አስገባን። እማማ የተላጠ ክርኔን አይተው ከንፈራቸውን መጠጡ፤ ውሃ አሙቀው አጠቡልኝ። ከደኑ የተለቀመ ቡናና ማር አቀረቡ። ብር ስሰጣቸው እጄን መልሰው ኪሴ ውስጥ ከተቱት።

ስመለስ ያለቀውን ሸራ ፎቶ አንስቼ ለድርጅቱ ላክሁ። መልእክቱ ተነቧል፤ መልስ የለም። እናንተ ስትሄዱ ቀሪውን ክፍያ ከመስጠታችሁ በፊት፣ በቀን ብርሃን፣ ጎማውን አስፈትታችሁ ሸራውን በዓይናችሁ እዩ። መለዋወጫ ሸራና ልኩ የሆነ ካላማዳሪ ራሳችሁ ያዙ፤ ከጎባ ወዲያ ጎሚስታ አታገኙም ብላችሁ ተዘጋጁ። አስጎብኚ ከዚያው ከአካባቢው ያዙ።

እኔ በሚቀጥለው ጥር የራሴን ብስክሌት በካርቶን ጭኜ እመጣለሁ። ለአስጎብኚው ደውዬ ነግሬዋለሁ። እማማ ክርኔ መዳኑን ጠየቁኝ።