የደብራችንን የማኅበራዊ አገልግሎት እሴቶች ለመለየት የቀጠርናቸው አማካሪዎች፦ ከደብረ ማርቆስ የቀረበ ግምገማ

የምሥራቅ ጎጃም ደብር ለተራበ ቁራሽ መስጠትን ከማንም አይማርም። የሚቸግረው፣ ያለውን ጥቂት ገንዘብና የሰው ጉልበት ለማን፣ በምን ቅደም ተከተል ማዋል እንዳለበት መለየት ነው። በደብረ ማርቆስ የሚገኘው የእኛ ደብር ሰበካ ጉባኤም በዚሁ ጉዳይ ሲወዛገብ ከቆየ በኋላ፣ አብያተ ክርስቲያናት ለማኅበራዊ አገልግሎታቸው መሠረት የሚሆኑ እሴቶችን እንዲለዩ እናግዛለን የሚሉ አማካሪዎችን በክፍያ አስመጥቶ ነበር። አገልግሎቱን ለመጠቀም የሚያስቡ ሌሎች ደብሮች አስተያየት ስለሚጠይቁን፣ በጉባኤው አባልነቴ ያየሁትን አቀርባለሁ።

ጅማሬው ደካማ ነበር። አማካሪዎቹ ባደሉን ጥራዝ ውስጥ በርካታ እሴቶች ተዘርዝረው፣ ከመካከላቸው አምስቱን መርጠን እንድናከብባቸው ተጠየቅን። ርኅራኄ፣ ታማኝነት፣ አሳታፊነት፣ ልህቀት የሚሉት ቃላት ማንንም አላስቆጡም፤ ማንንም አላነቃቁም። ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ አንድ መሪጌታ ወረቀቱን አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ «ልጆቼ፣ ይህንማ ባንክ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አይቼዋለሁ» ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። አማካሪዎቹን የማመሰግነው እዚህ ላይ ነው፤ ጥራዛቸውን ለመከላከል ሳይሞክሩ ወደ ጎን አስቀምጠውት ሌላ መንገድ ያዙ።

በማግስቱ ያነሡት ጥያቄ ለከፈልነው ገንዘብ ሁሉ በቂ ነበር፦ ባለፈው ዓመት ገንዘባችሁ በምን ላይ ዋለ? ሒሳብ ሹሙ የወጪ መዝገቡን ጮክ ብለው እንዲያነቡ ተደረገ። ለሕንፃ እድሳት፣ ለጧፍና ለዕጣን፣ ለጥበቃ ደመወዝ፣ ለድምፅ ማጉያ ጥገና እያሉ ገጹን ሲገልጡ፣ «ለነዳያን» የሚል ወጪ የተገኘው በዓመታዊው ንግሥ ዕለት ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት ባለው ውይይት ስለ ድሆች አጥብቀው ሲናገሩ የነበሩ ሰዎች ዝም አሉ። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ደግሞ በመዝገብ ስላልሰፈረው ሥራ ነበር። ከሰንበቴ ማኅበር የተወከሉ አንዲት እናት ተነሥተው፣ «እኛ በየሰንበቱ በደጀ ሰላም የምናበላውን ማን ሥራ ብሎ ቆጥሮት ያውቃል?» አሉ። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችም የአብነት ተማሪዎችን ልብስ እንደሚያጥቡ ያን ዕለት ነው ብዙዎቻችን የሰማነው። እሴት ማለት ደብሩ ሊሆን የሚመኘው ሳይሆን ማንም ሳያዘው ሲሠራው የኖረው ነው የሚለው የአማካሪዎቹ አቋም ያሳመነኝ በዚህ መልኩ ነው።

ረጅሙ ክርክር የተነሣው እርዳታው ለማን ይሁን በሚለው ላይ ነው። አንዳንዶች የሰበካው አባል ያልሆነ ሰው፣ በተለይም ከሌላ አካባቢ ተፈናቅሎ በከተማው ተከራይቶ የሚኖር ቤተሰብ፣ ከደብሩ ድሆች በፊት መታየት የለበትም አሉ። ሌሎች የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ጠቅሰው ተቃወሙ። አማካሪዎቹ ድምፅ እንዲሰጥ ቢያደርጉ ኖሮ ጉባኤው ለሁለት ይከፈል ነበር፤ እነርሱ ግን «ችግረኛ መኖሩን የምታውቁት በማን በኩል ነው?» ብለው ጠየቁ። መልሱ ግልጽ ነበር፤ በንስሐ አባት በኩል ነው። የየቤቱን ደጃፍ የሚረግጠው፣ ማን ጾሙን በሽሮ እንኳ መፍታት እንዳቃተው የሚያውቀው እርሱ ነው። ንስሐ አባት የሌለው ተፈናቃይ ግን ከዚህ መረብ ውጭ ይቀራል። ካህናቱ የንስሐ ምስጢር የእርዳታ መዝገብ ሊሆን አይገባም ብለው በትክክል ስለተቃወሙ፣ ንስሐ አባቱ ቤተሰቡን አስፈቅዶ ቤቱን ብቻ እንዲጠቁም፣ ምክንያቱን እንዳይናገር፣ ንስሐ አባት ለሌላቸው ደግሞ ወጣቶች እንዲመደቡ ተስማማን።

የአገልግሎቱ ትልቁ ጉድለት የተጋበዙት ሰዎች አመራረጥ ነው። በ1965 ዓ.ም. በፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን የወጣው ቃለ ዐዋዲ የተባለው የሰበካ ጉባኤ መተዳደሪያ ደንብ ካህናትን፣ ምእመናንንና ወጣቶችን በአንድ ጉባኤ ስለሚያስቀምጥ፣ ሰበካ ጉባኤው ከተገኘ ሁሉም ተወክሏል ብለው የገመቱ ይመስላል። ተረጂው ግን በዚያ የለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ሰባቱ ዲያቆናት የተመረጡት መበለቶቻቸው በዕለታዊው ማዕድ ቸል የተባሉባቸው ሰዎች አጉረምርመው ስለተሰሙ መሆኑን መሪጌታው አስታውሰው፣ የአብነት ተማሪዎች እንዲጠሩ ያደረጉት እርሳቸው ናቸው። አኮፋዳውን እንዳነገተ የገባ አንድ የቅኔ ተማሪ ምን እንደሚጎድለው ሲጠየቅ እንጀራ አላለም። በክረምት ጠባብ ጎጆ ውስጥ ተጨናንቀው ሲያድሩ ቅማል፣ እከክና ተስቦ እንደሚበረታባቸው ገልጾ፣ ሳሙናና የታመመው ተለይቶ የሚተኛበት ቤት ጠየቀ። እኛ ብንወስን ኖሮ ዱቄት ነበር የምንገዛለት።

ክፍያው ለከተማ ደብር የሚቻል ሲሆን፣ የአማካሪዎቹ አበል፣ መጓጓዣና ማረፊያ ሲጨመር ግን በጮቄ ተራራ ሥር ላሉ የገጠር አጥቢያዎች ከባድ ነው፤ ሁለት ሦስት አጥቢያዎች ተባብረው ቢያስመጧቸው ይሻላል። ጊዜውም ከአዝመራና ከገበያ ቀን ጋር እንዳይገጥም መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ የእኛው ቅዳሜ ላይ ስለዋለ በጉሊት ንግድ የሚተዳደሩ እናቶች ከሰዓት በፊት አልተገኙም።

በመጨረሻ የተረከብነው ሰነድ ሁለት ገጽ ነው። ሳይለመኑ መድረስ፣ ከመስጠት በፊት ተረጂውን መጠየቅ፣ የቤተሰቡን ገመና መጠበቅ የሚሉ እሴቶች፣ እያንዳንዱ ከተነሣበት የደብሩ ተግባር ጋር ተጽፈውበታል። የሥራ ዕቅድና በጀት ግን የለውም፤ ያንን የጠበቀ ደብር ያዝናል። ከእነዚህም ሆነ ከሌሎች አማካሪዎች ጋር ውል የሚፈራረም ሰበካ ጉባኤ፣ ጥራዙ እንዲቀር፣ የወጪ መዝገቡ በመጀመሪያው ቀን እንዲነበብ፣ ተረጂዎችም ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ እንዲገኙ በውሉ ላይ በጽሑፍ ቢያስገባ፣ እኛ የከፈልነውን አንድ ሙሉ ቀን ያተርፋል።