«ፈጽሞ አያልቅም» የተባለውን የጄት ስኪ አኖድ አትግዙ

ጄት ስኪ ያላችሁ ወይም ለመግዛት የምታስቡ ሁሉ፣ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። «ሙሉ የዝገት መከላከያ» በሚል ስም የሚሸጥ የአኖድ ጥቅል አለ፤ አኖድ ማለት ሌላውን ብረት ከመበላት ለማዳን ተብሎ የሚገጠም የብረት ቁራጭ ነው። ማሸጊያው በማንኛውም ውኃ እንደሚሠራ፣ መልኩ እንደማይበላሽና ፈጽሞ መቀየር እንደማያስፈልገው ይናገራል። እኔ ገዝቼ አስገጥሜዋለሁ። ባሕር ላይ ከቆየ በኋላ አኖዱ ከማሸጊያው እንደወጣ ያብረቀርቃል፤ እሱ ሊጠብቀው የተገባው፣ ውኃ እየረጨ ጄት ስኪውን የሚገፋው ፓምፕ አሉሚኒየም ቤት ግን ቀለሙ አብጦ ተልጧል፣ ከሥሩም ነጭ ዱቄትና ጥልቅ ጉድጓዶች ወጥተውበታል። ሻጩ ስጠይቀው «አኖዱ ምንም አልሆነም፤ ጥራቱን ተመልከት» አለኝ። በዕቃው መበላሸት ከተናደድኩት በላይ ያናደደኝ ይህ መልስ ነው፤ የአኖዱን ትልቁን ጉድለት የጥራቱ ማስረጃ አድርጎ አቅርቦልኛልና።

አኖድ የሚጠብቀው እያለቀ ነው። በጄት ስኪ ፓምፕ ውስጥ ዘንጉና ኢምፔለር የሚባለው ተሽከርካሪ አብዛኛውን ጊዜ ከስቴንለስ ስቲል ይሠራሉ፤ የፓምፑ ቤትና ውኃውን ወደ ኋላ የሚረጨው አፈ ሙዝ ደግሞ በብዙዎቹ ላይ አሉሚኒየም ናቸው። ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተነካክተው ጨዋማ ውኃ ውስጥ ሲገቡ ባትሪ ይሆናሉ። ኤሌክትሮን የሚለቀው ብረት ቀስ በቀስ ይሟሟል፤ ከስቴንለስ ስቲል ጋር ሲጣመር የሚሟሟው አሉሚኒየሙ ነው። እንግዲህ ከአሉሚኒየሙም ይልቅ ኤሌክትሮኑን በቀላሉ የሚለቅ ሌላ ብረት ከተገናኘበት፣ መሟሟቱ ወደዚያኛው ይዞራል። የዚህ ዕውቀት መነሻ ሩቅ ነው፤ እንግሊዛዊው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ የመርከብ የመዳብ ልባስን በዚንክና በብረት (አይረን) ቁራጭ ከመበላት ማዳን እንደሚቻል ያሳየው በ1824 ነበር።

በባሕር ውኃ ውስጥ በብር ክሎራይድ መለኪያ (የብረቶች ቮልቴጅ በሚነጻጸርበት ኤሌክትሮድ) ሲለካ ዚንክ ከዜሮ በታች 1.03 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ለአኖድ ተብሎ የሚቀላቀለው የአሉሚኒየም፣ የዚንክና የኢንዲየም ቅይጥ 1.1 ገደማ፣ ማግኒዚየም ደግሞ 1.5 ገደማ። ተራ የአሉሚኒየም ክፍል ከነዚህ ሁሉ ያነሰ፣ 0.75 አካባቢ ነው። አኖዱ ክፍሉን የሚያድነው በዚህ ልዩነት ነው። ልዩነቱ ካለ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል፣ ጅረት ከፈሰሰ አኖዱ ይሟሟል። ስለዚህ «አያልቅም» ብሎ የሚሸጥ ሰው «አይሠራም» ያለውን ያህል ነው።

የገዛሁት ላይ «ንጹሕ ዚንክ» ተብሎ ተጽፎበታል። በእጄ ሳነሣው ስለቀለለኝ መዘንኩትና ውኃ በሞላ መለኪያ ብርጭቆ ውስጥ ነክሬ መጠኑን ለካሁ። የዚንክ እፍጋት በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 7.1 ግራም ነው፤ የእኔው 2.7 አካባቢ ወጣ። ይህ የአሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም መሆኑ ብቻውን አያስነውረውም፤ ኢንዲየም ያለበት ትክክለኛው ቅይጥ ለባሕር ውኃ በጣም ጥሩ አኖድ ነው። ተራ አሉሚኒየም ግን አየር ሲያገኘው ፊቱን በቀጭን ኦክሳይድ ይሸፍንና ጅረት መስጠት ያቆማል። ኢንዲየሙ የሚጨመረውም ይህ ሽፋን ጸንቶ እንዳይቀመጥ ለማድረግ ነው። በዚህ ላይ አኖዱ በቫርኒሽ ተለብጧል፤ የሚያብረቀርቀው በዚህ ምክንያት ነው። ቫርኒሹ ብረቱን ከውኃው ይለየዋል። አገጣጠሙም በሚጣበቅ የጎማ ንጣፍ ነው፤ ጎማው ደግሞ ብረቱን ከፓምፑ ቤት ይለየዋል። ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ይዤ በአኖዱና በፓምፑ መካከል ያለውን ስለካ ምንም ግንኙነት አልነበረም። በትክክል የተገጠመ አኖድ ከ1 ኦም በታች፣ ወደ ዜሮ የቀረበ ማሳየት አለበት። ከሦስቱ ጉድለቶች አንዱ ብቻ ቢኖር እንኳ ዕቃውን ከንቱ ለማድረግ ይበቃ ነበር።

«በማንኛውም ውኃ» የሚለውን ተስፋም አትመኑ። ዚንክ ለባሕር ነው፤ በጨው አልባ ሐይቅ ወይም ወንዝ ውስጥ ፊቱ በጠንካራ ሽፋን ይያዝና ሥራውን ያቆማል። ወደ ባሕር ሲመለስም ሽፋኑ ካልተፋቀ አይነሣም። ማግኒዚየም በጨው አልባ ውኃ ጥሩ ነው፤ ባሕር ውስጥ ግን በፍጥነት ያልቃል፣ ከዚያም የከፋ ጉዳት አለው፦ ከሚፈለገው በላይ ጅረት ስለሚሰጥ በአሉሚኒየሙ ፊት ላይ አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ የሆነ ኬሚካል) እንዲከማች ያደርጋል፣ አልካሊው ቀለሙን ያነሣል፣ ብረቱንም ይበላል። ለሁለቱም ውኃ የተሻለ የሚቀርበው የአሉሚኒየሙ ቅይጥ ነው። እሱም ቢሆን እያለቀ ስለሚሠራ መቀየሩ አይቀርም።

ከማሸጊያው ጀርባ ደግሞ ጄት ስኪው ተጎታች ላይ ቆሞም «ሞተሩን ጭምር ይጠብቃል» ይላል። ይህ ፈጽሞ ሐሰት ነው። አኖድ የሚሠራው እሱና የሚጠብቀው ብረት በአንድ ውኃ ውስጥ ሲሆኑ ብቻ ነው። ከውኃ ከወጣ ምንም አያደርግም፤ ያን ጊዜ የሚያድነው ጨውን በንጹሕ ውኃ ማጠብ ነው። ሞተሩን በባሕሩ ውኃ የሚያቀዘቅዙ ጄት ስኪዎችም አሉ፤ በእነዚህ ውስጥ የሞተሩን የውኃ መተላለፊያ ውጭ ያለ አኖድ ሊደርስበት አይችልም። አምራቹ ከውስጥ አኖድ ካስቀመጠ መመሪያው ላይ ታገኙታላችሁና እሱን ፈልጋችሁ አስፈትሹ።

ስትገዙ ሻጩን የቅይጡን መለኪያ ጠይቁት። ለዚንክ አኖድ የተለመደው የአሜሪካ ጦር መለኪያ ሚል 18001 ነው፣ ለአሉሚኒየም ቅይጥ ደግሞ ሚል 24779። በዚንኩ ውስጥ የተቀላቀለው ብረት (አይረን) ከ0.005 በመቶ ካለፈ አኖዱ ቶሎ ሽፋን ያበቅልና ይደነዝዛል፤ ከወዳደቀ ዚንክ ቀልጦ የተሠራ ርካሽ አኖድ የሚያታልለው በዚህ ነው። ሻጩ ይህን ሲጠየቅ ግራ ከተጋባ ከእሱ አትግዙ። መገጣጠሚያው በብሎን የሚታሰርና ብረት ከብረት ጋር የሚነካካ ይሁን። ከማሰራችሁ በፊት ቦታውን ከቀለምና ከዝገት አጽዱ፣ አኖዱን ራሱን ግን በፍጹም ቀለም አትቀቡት። ከዚያ በኋላ ሻካራና የተቦረቦረ ሆኖ ስታዩት አትደንግጡ፤ ግማሽ ያህሉ ሲያልቅ ለውጡት። በጥቂት ቀናት ውስጥ ካለቀ ግን ሌላ ችግር አለ፤ ልጡ የተገፈፈ የኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም ከባትሪ ቻርጀር የሚያፈተልክ ጅረት ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ያይላችሁ።

ይህን ጥቅል አስቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ የዕድሜ ልክ ዋስትናውን ጥቃቅን ጽሑፍ አንብቡት። የሚሸፍነው «የአኖዱን መበላሸት» ብቻ ነው። ያልሠራ አኖድ ደግሞ አይበላሽም፤ ስለዚህ ዋስትናው የሚከፈልበት ቀን የለም። ፓምፑም ሆነ አፈ ሙዙ ቢበሳሳ ሻጩ አይጠየቅም። ስትከራከሩ በዋስትናው ሳይሆን በማሸጊያው ላይ በተጻፈው «ንጹሕ ዚንክ» በሚለው ቃል ተከራከሩ፤ ክብደቱንና መጠኑን መዝናችሁ በፎቶ ያዙ፣ የቴስተሩን ንባብ ከነአኖዱ አንሱ፣ የተበላውን ፓምፕም ከማስጠገናችሁ በፊት ፎቶ አንሡት። እኔ ገንዘቤ የተመለሰልኝ ሚዛኑን ሳሳየው ነው፤ የፓምፑን ወጪ ግን እስካሁን እየተከራከርኩ ነው።